ስለ አይሮፕላን ማረፊያ አሠራር

አይሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ ያላየ ባላገር ዛሬ ጥቂት ነው፤ ዳሩ ግን ከሰማይ ወርዶ የሚያርፍበት ምድር በምን ሥርዓት እንደ ተዘጋጀ ጠይቆ የተረዳ ብዙ አይደለም። ለጥ ያለ ሜዳ ከተገኘ የቀረው ሁሉ ትርፍ ነው ብሎ የሚያስብም አለ። በእርግጥ በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ 25 የተባለው የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ከተስተካከለ መስክ በቀር የሚሻው ብዙ አልነበረም። የዛሬው አይሮፕላን ግን ክብደቱም ፍጥነቱም ሌላ ስለ ሆነ ማረፊያውም ሌላ ሆኗል። መምህራን ለልጆች፣ ሽማግሌዎችም ለመንደራቸው ሰው እንዲያስረዱ ነገሩ ከዚህ ቀጥሎ ተጽፏል።

የማረፊያው ዋና ነገር መንደርደሪያው ነው፤ ማኮብኮቢያም ይባላል። ይኸውም አይሮፕላን ሲነሣና ሲያርፍ የሚሮጥበት ቀጥ ያለ ጠንካራ መንገድ ነው። መሐንዲስ ይህን መንገድ ከመቀየሱ አስቀድሞ የአገሩን ነፋስ ይመረምራል፤ በአውድማ ላይ ምርት የሚያዘራ ገበሬም ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቅ ላይዳውን አያነሣም። አይሮፕላንን የሚያነሣው በክንፉ ላይና ታች የሚያልፈው አየር ነው። ነፋሱን ፊት ለፊት ሲቀበል በክንፉ የሚያልፈው አየር ስለሚፈጥን በአጭር ሩጫ ይነሣል፤ አሞራም ከመሬት ሲነሣ እንዲሁ ያደርጋል። ነፋስ ከኋላ ሲገፋው ሩጫው ይረዝማል፤ ከጎን ሲመታው ደግሞ ከመንገዱ ሊያስወጣው ይታገላል። ስለዚህ መንደርደሪያ የሚዘረጋው በአገሩ ላይ አዘውትሮ በሚነፍሰው ነፋስ አቅጣጫ ነው። የዕለቱን ነፋስ ለማወቅም በረጅም ምሰሶ ጫፍ ላይ እንደ እጅጌ የተሰፋ ጨርቅ ይሰቀላል፤ እርሱም ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስና ምን ያህል እንደ በረታ ያሳያል።

በመንደርደሪያው በሁለቱም ጫፍ በነጭ ቀለም የተጻፈ ትልቅ ቁጥር አለ። ይህ ተራ ቁጥር የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። ክበብ በ360 ዲግሪ ይከፈላል፤ ምሥራቅ 90፣ ደቡብ 180፣ ምዕራብ 270፣ ሰሜን 360 ነው። አይሮፕላኑ የሚሄድበት አቅጣጫ በኮምፓስ ተለክቶ ወደ ቅርቡ ዐሥር ከተጠጋጋ በኋላ የመጨረሻው ዜሮ ይጣላል። በአዲስ አበባ በቦሌ ከምዕራብ በኩል መጥቶ የሚያርፍ አብራሪ 07 የሚል ያነባል፤ ከምሥራቅ በኩል የሚመጣው ደግሞ 25 ያነባል፤ እነዚህም ከ70 ዲግሪና ከ250 ዲግሪ የተገኙ ናቸው። የሁለቱ ጫፎች ቁጥር ልዩነት በማናቸውም አገር 18 ነው። ቦሌ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት መንደርደሪያዎች ስላሉት ግራውን ከቀኙ የሚለይ ፊደል በቁጥሩ ላይ ይጨመራል። መምህሩ በትምህርት ቤቱ ግቢ በዐመድ መስመር አስምሮ ልጆቹ ቁጥሩን ራሳቸው እንዲያወጡ ቢያደርግ በቃል ከመንገር ይልቅ ይገባቸዋል።

የመንደርደሪያው ርዝመት ነገር በተለይ ለእኛ አገር ሰው ሊታወቅ ይገባዋል። የደጋ አየር ስስ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው፣ የአየሩ ክብደት በባሕር ጠረፍ ካለው አየር ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይጎድላል። ስስ አየር ክንፉን በሚገባ አይደግፍም፤ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል፤ የቀትር ሙቀትም ይህንኑ ያብሳል። ስለዚህ አይሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት አብዝቶ መሮጥ አለበት። መሐንዲሶች ለየ300 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ 7 እጅ ርዝመት ይጨምራሉ። በባሕር ጠረፍ 2,000 ሜትር መንደርደሪያ የሚበቃው አይሮፕላን በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስንት ይሻል? 2,400 ለ300 ሲካፈል 8 ይሆናል፤ 8 በ7 ሲባዛ 56 ነው፤ የ2,000 ከመቶ 56 እጅ 1,120 ስለ ሆነ በጠቅላላው 3,120 ሜትር ይሻል። ለሒሳብ ትምህርት ከዚህ የተሻለ ጥያቄ በቀላሉ አይገኝም።

ይህም ነገር በታሪካችን ታይቷል። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የተነሣው ከልደታ መስክ ነበር፤ ያም መስክ ለጊዜው አይሮፕላን በቅቶት ነበር። ቦይንግ 720 የተባሉት ጄቶች ሊገዙ በታሰበ ጊዜ ግን ልደታ አልበቃም፤ በቦሌ ሌላ ማረፊያ ተሠርቶ በ1955 ዓ.ም. የጄት በረራ ከዚያ ተጀመረ። የልደታው ሰፈር እስከ ዛሬ አሮጌው አየር ማረፊያ ይባላል። የቦሌ መንደርደሪያዎች እያንዳንዳቸው ከ3,600 ሜትር ይበልጣሉ።

የቀሩት ክፍሎች በአጭሩ ይነገራሉ። ከመንደርደሪያው ወደ ማቆሚያው ሜዳ የሚወስዱ መተላለፊያ መንገዶች አሉ። መንገደኞች የሚስተናገዱበት አዳራሽ፣ የነዳጅ ማከማቻ፣ የጥገና ቤትና ሌሊትና ቀን የሚጠብቁ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም አሉ። ሌሊት የመንደርደሪያው ዳርና ዳር በነጭ፣ መግቢያው በአረንጓዴ፣ ፍጻሜው በቀይ፣ የመተላለፊያው ዳር በሰማያዊ መብራት ይታወቃል። ከሁሉ በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው መቆጣጠሪያ ማማ ነው። ስሙ ከገበሬው ማማ የተወሰደ ነው፤ ሥራውም ይመስለዋል፤ ጠባቂው ከላይ ሆኖ ሁሉን እያየ በሬዲዮ ያዛል፤ ካለ ፈቃዱ የሚነሣም የሚያርፍም የለም። በማሳ ላይ ያለው ጠባቂ ግን ወፍ ሲመጣ በወንጭፍ ያባርራል፤ ለዚህኛው ወፍ የባሰ ጠላት ነው።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከመሬት እንደ ለቀቀ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባበት። አብራሪው ወደ ማረፊያው ሊመለስ ሲል ሞተሮቹ ጠፉ፤ በመስክ ላይ በሆዱ ወረደ፤ እሳትም ተነሣ። በውስጡ ከነበሩት 104 ሰዎች 35 ሞቱ።

ባላገሩ ከመንደርደሪያው ግራና ቀኝ የተተወውን ሣር አይቶ፣ «ይህ መሬት ስለ ምን ያለ ሥራ ይቀመጣል? ከብት ስለ ምን አይሰማራበትም?» ይላል። ግጦሽ የጠበበው ሰው ነውና ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ መልስ ሳይሰጡት አጥር ብቻ ማጠርም አይገባም። ያ መስክ አይሮፕላን መንገዱን የሳተ እንደ ሆነ እንዳይሰበር የተተወለት ነው። በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ የሚያርፍ አይሮፕላንም ላም ስላየ ወዲያው ሊቆም አይችልም።

ርግብ እህል ፍለጋ፣ ጥንብ አንሣ ሥጋ ፍለጋ ይመጣል። ስለዚህ በማረፊያ አቅራቢያ ቄራና የቆሻሻ ክምር እንዳይኖር ይከለከላል። የሲቪል አቪዬሽን ዓለም አቀፍ መመሪያ ይህን ጥንቃቄ በዙሪያው እስከ 13 ኪሎ ሜትር ያደርሰዋል፤ ይህም ከሁለት ሰዓት ተኩል የሚበልጥ የእግር መንገድ ስለ ሆነ አጥሩን አይቶ የማያውቅ ብዙ መንደር በውስጡ ይገኛል። በእንዲህ ያለ መንደር ከብት የሞተበት ሰው በሜዳ ጥሎት እንዳይሄድ፣ ጅብ ቆፍሮ እንዳያወጣውም ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ እንዲቀብረው ሽማግሌዎች ሸንጎ ላይ ይናገሩ፤ እረኛም አጥሩ ተቀዶ ቢያገኝ ከብቱን መልሶ ለማረፊያው ዘበኛ ያስታውቅ።