ስለ ጤና ኬላ ሠራተኛና ስለ ሕፃን ትንፋሽ አቈጣጠር

ሕፃን ሲያስለው ብዙ ሰው «ጕንፋን ነው፤ እስኪ ይደር» ይላል። ይህም አባባል አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። እውነት ባልሆነ ጊዜ ግን የሳንባ ምች ሕፃኑን በጥቂት ቀን ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ጕንፋኑን ከሳንባ ምቹ ለይቶ የሚያውቅ ሰው በእግር መንገድ ቅርብ ሆኖ መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

በቀድሞ ዘመን እንዲህ ያለ አዋቂ ከከተማ ውጭ እምብዛም አይገኝም ነበር። በ1954 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው) በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኰንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን በገጠር ለሚሠራው ሥራ ማሠልጠን ጀመረ። በአሜሪካም በ1965 ዓ.ም. ሎሬታ ፎርድ የምትባል ነርስና ሔንሪ ሲልቨር የሚባል የሕፃናት ሐኪም በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው፥ ነርስ ራሷ መርምራ እንድታክም የሚያበቃ ትምህርት አቋቋሙ። የአገሮቹ ሀብት እጅግ ቢራራቅም ችግሩ አንድ ነበር፤ ሐኪም አይበቃም።

በኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ2003 ዓ.ም. ተጀመረ። 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች 1 ዓመት ተምረው፥ 5,000 ያህል ሕዝብ ባለበት ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። መጀመሪያ ሥራቸው ይልቁንም በሽታን መከላከል ነበር። የሳንባ ምች ያለበትን ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ይልኩ ነበር እንጂ መድኀኒት አይሰጡም ነበር። በጥቂት ትምህርት መድኀኒት መስጠት ያስፈራል፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን መንገዱ ሩቅ ስለ ሆነ ብዙ የተላከ ሕፃን ከዚያ ሳይደርስ ይቀራል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በጤና ኬላ እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው።

ሠራተኛዪቱ የምትለየው በትንፋሽ ቍጥር ነው። ሳንባ በበሽታ ሲጠነክር አየር እንደ ልቡ አይገባበትም፤ ሕፃኑም የጐደለውን በፍጥነት ሊሞላ ይጣደፋል። ሕፃኑ ሳያለቅስና ሳይጠባ፥ ልብሱ ተገልጦ፥ ደረቱ ወይም ሆዱ ከፍ ባለ ቍጥር አንድ እየተባለ ሙሉ 1 ደቂቃ ይቈጠራል። ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያልሞላው 50ና ከዚያ በላይ፥ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ያልሞላው 40ና ከዚያ በላይ ቢተነፍስ ትንፋሹ ፈጣን ይባላል። ከ2 ወር በታች ላለው ልኩ 60 ነው፤ እርሱንም ሳይዘገዩ ወደ ሠራተኛዪቱ መውሰድ ይገባል።

ለምን ሙሉ ደቂቃ? 15 ሴኮንድ ቈጥሮ በ4 ማባዛት ይቀላል የሚል አለ። የሕፃን ትንፋሽ ግን አንዴ ይፈጥናል፥ አንዴ ይዘገያል። የ10 ወር ሕፃን በ15 ሴኮንድ 13 ጊዜ ቢተነፍስ በስሌቱ 52 ይሆናል፤ ሙሉው ደቂቃ ሲቈጠር ግን 46 ሊሆን ይችላል። እንደዚሁም 11 ጊዜ ቢቈጠር 44 ተብሎ፥ እውነቱ 51 የሆነ ሕፃን ያለ መድኀኒት ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

ሕፃኑ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፥ የዋጠውን ሁሉ የሚያስመልስ፥ የሚያንቀጠቅጠው ወይም ራሱን የሳተ እንደ ሆነ ቍጥር አይጠበቅም፤ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። በኬላው መድኀኒት የተሰጠው ደግሞ ከ2 ቀን በኋላ ተመልሶ ይታያል። እናቲቱ «ተሽሎታል» ብላ መድኀኒቱን በመካከል እንዳታቋርጥ ሽማግሎች አጥብቀው ሊነግሯት ይገባል።

ሰዎች «ሄደን ኬላውን ተዘግቶ አገኘነው» ብለው ማዘናቸው ትክክል ነው። ሠራተኛዪቱ ቤት ለቤት መዞር ከሥራዋ አንዱ ነውና፥ ሽማግሎች ተመካክረው በየትኛው ቀን በየትኛው መንደር እንደምትውል በኬላው በር ላይ ጽፋ እንድትለጥፍ ይጠይቋት።

መምህሩም በሒሳብ ሰዓት ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቹ ያቅርብ፦ የሁለት ጎረቤታሞች ልጆች ሳል ይዟቸዋል። አንዱ የ7 ወር፥ ሌላው የ14 ወር ነው። ሁለቱም ሙሉ ደቂቃ ተቈጥረው 44 ጊዜ ተነፈሱ። ትንፋሹ ፈጣን የተባለው የትኛው ነው?