በመካከል አዛዥ ሳይኖር የኮምፒዩተር አገልግሎቶች ተባብረው ስለሚሠሩበት መንገድ

ዛሬ የሻጩ፣ የባንኩ፣ የመድን ድርጅቱና የመርከብ ድርጅቱ ኮምፒዩተሮች በኢንተርኔት እየተላላኩ አንዱን የንግድ ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ ፍጻሜ ያደርሱታል። ይህን ቅብብል ለማቀናጀት ሁለት መንገዶች አሉ።

አንደኛው በመካከል አንድ አዛዥ ማኖር ነው። አዛዡ ሁሉንም በየተራ እየጠራ ያሠራል፤ መልሱንም ይሰበስባል። በ2007 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ቢፔል 2.0 የተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ለዚህ ዐይነት ሥራ የተዘጋጀ ነው። ጥቅሙ፣ ጉዳዩ ከምን እንደ ደረሰ ከአንድ ስፍራ ለመጠየቅ ማስቻሉ ነው። ጉዳቱ ግን አዛዡ የተበላሸ ቀን ሥራው ሁሉ መቆሙ፣ የየድርጅቱም ምስጢር በአንድ እጅ መከማቸቱ ነው።

ሁለተኛው አዛዥ የሌለበት ቅንጅት ነው። እያንዳንዱ ከማን ምን ሲደርሰው ለማን ምን እንደሚልክ አስቀድሞ ያውቃል። ይህ አሠራር ለነጋዴ እንግዳ አይደለም፤ ሌተር ኦፍ ክሬዲትም እንዲሁ ነው። ላኪው ዕቃውን ጭኖ ሰነዱን ለባንኩ ያቀርባል፤ ባንኩ መርምሮ ለገዢው ባንክ ያስተላልፋል፤ ያም በበኩሉ መርምሮ ይከፍላል። በመካከል ቆሞ ተራ የሚያስጠብቅ የለም፤ የሚገዛቸው ደንቡ ነው። ይኸውም ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ዩ.ሲ.ፒ. 600 ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ባንክ የምርመራውን ጊዜ ቢበዛ 5 የባንክ የሥራ ቀናት አድርጎ ወስኗል።

እንግዲህ አዛዥ ሲቀር ስምምነቱ መጥበቅ አለበት። በተለይም፦

1ኛ/ ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ቁጥር ተሰጥቶ በመልእክቱ ሁሉ ላይ ይጻፍ፤

2ኛ/ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ይወሰን፤

3ኛ/ ሽያጩ ቢፈርስ መድኑንና የተያዘውን የመርከብ ቦታ ማን እንደሚሰርዝ አስቀድሞ ይታወቅ።

የመጀመሪያውን ቸል ማለት ምን እንደሚያስከትል እኔ ጸሐፊ ሆኜ በምሠራበት ቤት ደርሶ አይተነዋል። መልስ ቢዘገይብን ትእዛዙን በአዲስ ቁጥር ደግመን ላክን። የሻጩ ኮምፒዩተር ሁለት ትእዛዝ አድርጎ ስለ ቈጠረው ዕቃው ሁለት ጊዜ ተጭኖ መጣ፤ ለማንፈልገውም ዕቃ የወደብ መጋዘን ኪራይ ከፈልን። ቁጥሩ የቀድሞው ቢሆን ኖሮ፣ ቁጥር አመሳክሮ የሚቀበል ኮምፒዩተር መደገሙን ባወቀው ነበር።

ስለዚህ ኮምፒዩተራችሁን ከሌላ ድርጅት ጋር ከማገናኘታችሁ በፊት እነዚህን ሦስት ነገሮች በውል አስፍሩ።