ወላጆች ሲለያዩ የልጅ ሕክምና ወጪ በማን ላይ ይወድቃል?



በወረታና በፎገራ ሜዳ የእርዳታ ገንዘብ ሲጠየቅ ደጋግመን የምንሰማው ነገር አለ። ባልና ሚስት ተለያይተዋል፤ ልጁ ከእናቱ ጋር ሆኖ ታሟል፤ አባት ግን «ቀለቡን እሰጣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አያገባኝም» ይላል። ይህ አባባል ትክክል ነውን?

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቀለብ ሲል እህል ብቻ ማለቱ አይደለም። ምግብ፣ መኖሪያ፣ ልብስ፣ ጤናና ትምህርት በውስጡ አሉ፤ መጠኑም የሚለካው በተቀባዩ ችግርና በሰጪው አቅም ነው። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 አውጥቷል። እንግዲህ ሕክምና አባት ሲፈልግ የሚውለው ውለታ አይደለም። ልጁን የያዘው አባት ቢሆንም እናትን የሚመለከታት ይኸው ነው። ችግሩ የወር ቀለብ ሲወሰን የዕለት ጉርሱ ታስቦ ድንገተኛው በሽታ ሳይጻፍ መቅረቱ ነው።

«የጤና መድን አለ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ፎገራ ነበረ። ነገር ግን አባልነቱ በቤተሰብ ስለሆነ፣ ቤት ሲፈርስ ደብተሩ ከአባት ጋር ይቀርና እናት ልጇን አዝላ ባዶ እጇን ጤና ጣቢያ ትደርሳለች። ደብተሩ ቢኖርም መነጽርን የመሰለ ነገር አይሸፈንም፤ መድኃኒት ከጤና ጣቢያው ሲጠፋ ከግል ፋርማሲ ይገዛል፤ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ሲባል የመኪናው፣ የማደሪያውና የአስታማሚው ምግብ አለ።

ታዲያ እንዴት ይካፈሉት? እኩል መክፈል ቀና ይመስላል፤ እኛ ግን አንስማማበትም። አባት ሩዝና ሽንኩርት አምራች፣ እናት በቀን ሥራ የምትተዳደር ብትሆን፣ ወጪውም 2,400 ብር ቢደርስ፣ 1,200 ብር ለእርሷ የብዙ ቀን እንጀራ ነው። ገቢው የገቢዋ እጥፍ ከሆነ እርሱ 1,600፣ እርሷ 800 ቢከፍሉ ከሕጉ አሳብ ጋር ይስማማል። ልጁን ስታስታምም የቀረባት የቀን ደመወዝም ይቆጠር፤ ሽማግሎች ይህን ብዙ ጊዜ ይረሱታል።

ጊዜውም ይታሰብ። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ፣ ከዚያም ወባ ሲበረታ፣ በገበሬው እጅ ገንዘብ የለም፤ ሩዙ ገና አልታጨደም። ስለዚህ ድርሻው በምርት ጊዜ እንዲከፈል በጽሑፍ መያዝ ከመካሰስ ይሻላል። እናት እስከዚያ ብትበደር ወለዱ በእርሷ ላይ ብቻ አይውደቅ።

ጉባኤው በዚህ መካከል ምን ያድርግ? ልጁ መጀመሪያ ይታከም፤ ሒሳቡ ኋላ ይጠየቅ። ከእርዳታው ሣጥን የወጣው ግን በአባት ስም ብድር ተብሎ ይመዝገብ። አለዚያ ጎተራው የሞላ ሰው ዕዳ በመበለቶች መባ ይከፈላል።

ሽማግሎች ሲቀመጡ ልጁ በማን ደብተር እንደሚመዘገብ፣ የዓመቱን መዋጮ ማን እንደሚያድስ፣ ደረሰኝ በታየ በስንት ቀን ድርሻው እንደሚከፈል ይጻፉ። ካልተስማሙ የወረዳው ፍርድ ቤት አለ፤ ችግሩ ወይም አቅሙ ሲለወጥ ቀለቡ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። ለዚህም የሐኪም ወረቀትና ደረሰኝ ስለሚያስፈልግ እናት ሁሉን በአንድ ፌስታል ታኑር፤ ማንበብ የማትችል እንደሆነች የፕሮጀክቱ ሠራተኛ በየወሩ አብሯት ይደምር።