ሌሊቱን ሲያክክ የሚያድር ልጅና የወላጆቹ ልብ

 

 የዛሬው ትምህርታችን ኹጥባ ላይ ብዙም ስለማይነሳ ነገር ነው፤ ስለ ችፌ። ሐኪሞች ኤክዚማ ይሉታል። ልጁን ታቅፈው ስለሚያድሩት እናትና አባት ማውራት ፈልገናል። "እኛ ገና አልወለድን፣ ምን ይመለከተናል?" የምትሉ ትኖራላችሁ። የእህታችሁ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ መድረሳ አጠገባችሁ ተቀምጦ የሚቀራ ልጅ አለና ይመለከታችኋል።

ችፌ ማታ ነው የሚብሰው። መርሳና የሀብሩ ቆላ ሲሞቅ ላቡ ቆዳውን ይለበልበዋል። ወልዲያ ላይ ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ደረቅ ብርድ ይሰነጥቀዋል። ልጁ የክንዱን መታጠፊያ፣ የጉልበቱን ጀርባ፣ ጨቅላ ከሆነ ጉንጩን እስኪደማ ያክካል። እናት እጁን ትይዛለች፤ ካልሲ ታጠልቅለታለች፤ ደረቷ ላይ አስተኝታ ታባብለዋለች። ተኛልኝ ስትል የፈጅር አዛን ይሰማል። አንድ ሌሊት ቢሆን ማንም ይችለዋል። ወራት ሲሆን ግን ሰው ይለወጣል። ከድካሟ ብዛት ገና አፉን ባልፈታ ሕፃን ላይ "አታክክ አልኩህ!" ብላ ትጮኻለች፤ ወዲያው ለምን ጮኽኩበት ብላ ታለቅሳለች። አባት ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ዝም ያለው ግድ አጥቶ አይደለም፤ ያለቀውን ቅባት በምን እንደሚተካው እያሰበ ነው።

በዚህ ላይ የሰው አፍ አለ። "ምን አብልተሽው ነው?"፣ "ጡትሽ አልተስማማውም"፣ "በእርግዝናሽ ጊዜ ምን ነክተሽ ነው?" አማት፣ ጎረቤት፣ ቡና ሊጠጣ የመጣ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። ከሁሉ የሚከብደው "እከክ ነው፣ ልጆቼን እንዳያስይዝብኝ" የሚለው ነው። ሰዉም ዝም ብሎ አልፈራም፤ በ2008 ዓ.ም ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል የእከክ ወረርሽኝ ተነስቶ ብዙ ሕዝብ መድኃኒት ተሰጥቶታል። እከክ ቆዳ ውስጥ በምትገባ ትንሽ ተባይ የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው። ችፌ ግን አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ በአንድ ምንጣፍ በመቀመጥ፣ አንድ ለውህ በመያዝ አይጋባም። ይህን ባለማወቅ ስንቱ ሕፃን ከእኩዮቹ ተለይቶ ይቀመጣል፤ እናቱም ሰርግና ሰደቃ ቤት ይዛው መሄድ ትታ ቤቷ ትቀራለች።

ታዲያ የማን ጥፋት ነው? የማንም አይደለም። ቆዳ እርጥበትን በውስጡ ይዞ፣ አቧራና ጀርምን ከውጭ የሚያስቀር ግድግዳ ነው። ችፌ ያለበት ልጅ ይህ ግድግዳው ሲፈጠር ጀምሮ የሳሳ ነው፤ ውሃው ቶሎ ይወጣል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ይቆጣል፣ ያሳክካል። ሲያክከው ደግሞ ግድግዳው የበለጠ ይፈርሳል። ብዙ ጊዜ አስምና የአፍንጫ አለርጂ ባለበት ቤተሰብ ይታያል። የእናት ጡት አያመጣውም፤ "ጡቱን አስጥይው" የሚል ምክር ለልጁም ለእናቱም ጉዳት ነው።

"የወላጆቹ ወንጀል ነው፣ አላህ እየቀጣቸው ነው" የሚሉም አሉ። ወንድሜ፣ ይህን ለማለት ማን ወኪል አደረገህ? ሕፃኑ ራሱ እስኪደርስ ብዕር ያልተጻፈበት ነው። ለሙስሊም ደግሞ እሾህ እንኳ ቢወጋው ወንጀሉ እንደሚማርለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣች እናት አጅር እንዴት ይቆጠራል?

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ሰምተነው የማናስተውለው ሐዲስ አለ። ሐር ለወንድ ሐራም መሆኑን ታውቃላችሁ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለአብዱረሕማን ኢብን ዐውፍና ለዙበይር ኢብን አል-ዐዋም፣ ሰውነታቸውን ያሳክካቸው ስለነበር፣ ሐር እንዲለብሱ ፈቅደውላቸዋል። ሁለቱም በጀነት ከተበሰሩት ከአስሩ ናቸው፤ ሁለቱም ጦር ሜዳ የዋሉ ጀግኖች ናቸው። "ማሳከክ ምን አላት፣ ቻሉት" አልተባሉም። ሸሪዓችን ማሳከክን እንደ ቀላል አላየውም። እኛ ግን "ኤጭ፣ ሽፍታ ናት፣ ሲያድግ ይተወዋል" ብለን እናልፋለን። አዎ፣ ብዙ ልጆች እያደጉ ሲሄዱ ይሻላቸዋል፤ ዛሬ ሌሊት ግን ገና አላደገም። ዛሬም ሐኪሞች ለእነዚህ ልጆች ለስላሳ ጥጥ ልብስ እንጂ ሻካራ ሱፍ አይምረጡ ይላሉ።

ስታለቅስ አይታችሁ "ሶብር የላትም" አትበሉ። ነቢዩላህ ያዕቆብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ አዝነዋል፤ ሐዘናቸውን ለአላህ አሰሙ እንጂ አልደበቁትም። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አንብተዋል። እንባ ሶብርን አያፈርስም።

ሕክምናውስ? ገላን ለብ ባለ ውሃ ቶሎ ማጠብ፣ የልብስ ሳሙና ቆዳው ላይ አለማስነካት፣ ውሃው ሳይደርቅ ቫዝሊን በደንብ መቀባት፣ ይህንንም በየቀኑ መድገም ነው። ሲቆጣ ሐኪም የሚያዘው የስቴሮይድ ቅባት አለ። አንዳንዱ ፈርቶ ጨርሶ አይቀባም፤ አንዳንዱ ከፋርማሲ ጠንካራውን ራሱ ገዝቶ ፊቱ ላይ ወር ሙሉ ይለቀልቃል። ሁለቱም ልጁን ይጎዳሉ። ቁስሉ ቢጫ ቅርፊት ካወጣ፣ መግል ከያዘ ወይም ልጁ ካተኮሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ነው። በአካባቢው የማይሻለው ሕመም ደግሞ ከመርሳ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ርቆ ደሴ፣ ከዚያም በቆዳ ሕክምና ወደሚታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይላካል። ስሙ ከሥጋ ደዌ ጋር ስለኖረ ልጃቸውን እዚያ ለመውሰድ የሚሸማቀቁ ወላጆች ቢኖሩ አይፈረድባቸውም፤ ግን አይሸማቀቁ። ለብዙዎች ደግሞ ትልቁ ችግር መንገዱና የትራንስፖርቱ ዋጋ ነው። ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 ታኅሣሥ በነበረው ጦርነት የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ተዘርፈው ሳለ ልጅ ማሳከም ምን ይመስል እንደነበር የአካባቢው ወላጆች ያውቁታል።

ዱዓና ሩቂያ አይቅር፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የታመመን በእጃቸው እየዳበሱ ዱዓ ያደርጉ ነበር። "እንታከም ወይ?" ተብለው ሲጠየቁም ታከሙ ብለዋል፤ ከእርጅና በቀር መድኃኒት የሌለው በሽታ እንደሌለም ነግረዋል። "ሩቂያ ስለተቀራበት መድኃኒቱን ጣሉት" የሚላችሁን አትስሙት።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ ገንዘብ ባይኖራችሁ እንኳ ጉልበት አላችሁ። "ፊቱ ምን ሆኖ ነው?" ብላችሁ ሰው ፊት አትጠይቁ። መድረሳ ላይ ከልጁ አጠገብ ተቀመጡ፤ ሌሎቹ ያያሉ። የእህታችሁ ልጅ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ከዒሻ በኋላ ሂዱና ጥፍሩን ቁረጡለት፣ ቫዝሊኑን ቀቡት፣ እስከ እኩለ ሌሊት እናንተ ያዙት። እሷ ትተኛ።