ልክን የሚናገር ገለጻ፦ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ጀልባ መሳፈር

ባለፈው ትምህርት የአንድን ነገር መልክና ጠባይ በጽሑፍ መግለጽን ተምራችኋል። በዚያ ዓይነቱ ድርሰት የጸሐፊው ፍላጎት አንባቢው ነገሩን በዓይነ ኅሊናው እንዲያየው ነው። በዚህ ትምህርት የምታጠኑት ገለጻ ግን ሌላ ዓላማ አለው፤ አንባቢው ያነበበውን ይዞ ሥራ ይሠራበታል። መንገድ ይሄድበታል፤ ዕቃ ይገዛበታል፤ ቤት ይከራይበታል። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ጽሑፍ ውስጥ የሚገኝ ስሕተት በወረቀቱ ላይ አይቀርም፤ አንባቢውን እስከሄደበት ስፍራ ድረስ ይከተለዋል።

በመጀመሪያ የሚከተለውን አጭር አንቀጽ አንብቡ።

«የጣሊያኗ ቬኒስ በባሕር ላይ የተሠራች ውብ ከተማ ናት። መንገዶቿ ውኃ፣ ታክሲዎቿ ጀልባ ናቸው። ጀልባዎቹ ምቹና ፈጣን ስለሆኑ ማንኛውም እንግዳ ያለ አንዳች ችግር ተሳፍሮ ከተማዪቱን መጎብኘት ይችላል።»

በአንቀጹ ውስጥ የሰዋስው ግድፈት የለም። ብዙ አስተማሪዎችም መልካም ማርክ ይሰጡታል። ነገር ግን ይህን ያነበበው ሰው እግሮቹ የማይታዘዙለት፣ በተለምዶ ዊልቸር በሚባለው ተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ቢሆንስ? ገንዘቡን ቆጥቦ፣ የዕረፍት ጊዜውን ጠብቆ፣ ባሕር ተሻግሮ ከጀልባው አጠገብ ሲደርስ ወደ ውስጥ የሚያወርዱ ጠባብ ደረጃዎች ቢያጋጥሙትስ? ባለ ጀልባው ይቅርታ ጠይቆ ሌላ ተሳፋሪ ይዞ ይሄዳል። መንገደኛው ከነጓዙ ከዳር ይቀራል። እዚያ ያደረሰው «ማንኛውም» የሚል አንድ ቃል ነው።

አሁን ስለዚያችው ከተማ በሌላ አኳኋን የተጻፈውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ስታነቡ ቁጥር ያለባቸውንና «ከሆነ»፣ «ሲሆን» የመሳሰሉትን የያዙ ዐረፍተ ነገሮች በደብተራችሁ ጻፉ።

ምንባብ

ቬኒስ ከመቶ በሚበልጡ ትናንሽ ደሴቶች ላይ የተመሠረተች ስትሆን፣ ደሴቶቹን የሚያገናኙት ድልድዮች ከ400 በላይ ናቸው። ጀልባ በሥራቸው እንዲያልፍ ሲባል አብዛኞቹ ድልድዮች እንደ ቀስት ጎብጠው፣ በሁለቱም ወገን ደረጃ ተሠርቶላቸዋል። መኪና ወደ ጥንታዊው ከተማ አይገባም፤ ከየብስ የሚመጣው የመኪና መንገድ ፒያሳሌ ሮማ በሚባለው አደባባይ ላይ ያበቃል። ይህ ለእግረኛ ደስ የሚያሰኝ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ግን እያንዳንዱ ባለ ደረጃ ድልድይ እንደ ግንብ ነው፤ ከጠባብ ቦይ ማዶ ያለውን ቤተ ክርስቲያን በቅርብ እያየ ሊሻገር አይችልም። ያለው መንገድ ያው እንቅፋት የሆነው ውኃ ራሱ ነው፤ ከደሴት ወደ ደሴት በጀልባ መዞር አለበት።

በከተማዪቱ መንገደኛ ከሚያመላልሱት ጀልባዎች ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይገባል። አንደኛው የውኃ ታክሲ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ ከእንጨት የተሠራ፣ በቀለም የሚያብረቀርቅ፣ ጥቂት ሰዎችን የሚይዝ ፈጣን ጀልባ ሲሆን ዋጋው ውድ ነው። ወለሉ ከመሳፈሪያው ዝቅ ስለሚል ተሳፋሪው ወደ ክፍሉ የሚገባው ደረጃ ወርዶ ነው። ስለሆነም በሰው ክንድ ተደግፎ ጥቂት እርምጃ መራመድ የሚችልና ወንበሩ የሚታጠፍለት ሰው ሊሳፈርበት ይችል ይሆናል፤ ከወንበሩ መነሣት የማይችል ሰው ግን በአብዛኞቹ የውኃ ታክሲዎች መሄድ አይችልም። ወንበሩን ከነተቀማጩ አንሥቶ የሚያስገባ ማንሻ የተገጠመላቸው ታክሲዎች አሉ፤ ይሁን እንጂ ጥቂቶች ስለሆኑ አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ቫፖሬቶ የሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ ነው። ስሙ በጣሊያንኛ ትንሽ የእንፋሎት ጀልባ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 አገልግሎቱ ሲጀመር በእንፋሎት ይሄድ ነበር፤ ዛሬ እንፋሎቱ ቀርቶ ስሙ ብቻ ዘልቋል። ቫፖሬቶ እንደ አውቶቡስ በተወሰነ መስመር እየሄደ፣ በየመሳፈሪያው እየቆመ ሰው ያወርዳል፤ ይጭናልም ሳይሆን ያሳፍራል። መስመር 1 ከፒያሳሌ ሮማ ተነሥቶ ታላቁ ቦይ በሚባለው ሰፊ የውኃ ጎዳና ላይ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው እየተመላለሰ እስከ ሊዶ ደሴት ይደርሳል። የዚህ መስመር ጀልባዎች መግቢያ ሰፊ፣ ወለላቸውም በመግቢያው በኩል ደልዳላ ስለሆነ ተሽከርካሪ ወንበር ደረጃ ሳይወጣና ሳይወርድ በቀጥታ ይገባል። በከተማዪቱ ዙሪያ በሚሄዱት አንዳንድ መስመሮች ላይ የሚሠሩት ጀልባዎች ግን ጠበብ ያሉ ናቸው፤ ወደ ውስጠኛው ክፍላቸው የሚገባውም በደረጃ ነው። በእነዚህ ጀልባዎች ለወንበር የሚሆነው ስፍራ በመግቢያው አካባቢ ያለው ብቻ ነው። እንግዲህ «ቫፖሬቶ ይመቻል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የትኛው መስመር እንደሆነ መጠቀስ አለበት።

ወደ ቫፖሬቶ መግባት እንዴት ደረጃ አልባ ሊሆን እንደቻለ ማወቅ ጠቃሚ ነው። የቬኒስ ባሕር አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ ሁለት ጊዜም ይወርዳል። በመውጣቱና በመውረዱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ቀን አንድ ሜትር ያህል ይደርሳል። መሳፈሪያው ከድንጋይ የተሠራ ቢሆን ኖሮ ጀልባው ጧት ከመሳፈሪያው ጋር እኩል ሆኖ ቢታይ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኝ ነበር። ስለዚህ የቫፖሬቶ መሳፈሪያዎች በውኃው ላይ የሚንሳፈፉ መድረኮች ናቸው። በረጃጅም ምሰሶዎች ታስረው ከባሕሩ ጋር ከፍና ዝቅ ይላሉ። ጀልባውም ተንሳፋፊ፣ መድረኩም ተንሳፋፊ ነውና ሁለቱ አብረው ወጥተው አብረው ይወርዳሉ፤ በመካከላቸው የሚኖረው የከፍታ ልዩነት አነስተኛ ነው።

ችግሩ ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ስፍራውን ለወጠ እንጂ። መድረኩን ከየብሱ ጋር የሚያገናኘው መሸጋገሪያ አንዱ ጫፉ ከማይንቀሳቀሰው የድንጋይ ዳር፣ ሌላው ጫፉ ከተንሳፋፊው መድረክ ጋር ተያይዟል። ባሕሩ ሲወርድ መድረኩ አብሮ ስለሚወርድ መሸጋገሪያው ቁልቁለት ይሆናል። በእጁ ወንበሩን የሚገፋ ሰው በቁልቁለቱ ፍጥነቱን መግታት፣ ሲመለስ ደግሞ ዳገቱን መውጣት ይኖርበታል። ጧት በቀላሉ የወረደበትን መንገድ ማታ ያለ ረዳት ላይወጣው ይችላል። በባትሪ የሚሠራ ስኩተር ዳገቱን ለመውጣት ጉልበት አለው፤ ነገር ግን ረጅም ስለሆነ ሰው በበዛበት ጀልባ ላይ ለመዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ተጓዡ በመድረኩና በጀልባው መካከል ያለችውን ክፍተት ልብ ማለት አለበት። የወንበር የፊት ጎማዎች ትናንሽ ስለሆኑ በሰያፍ ከመጡ ክፍተቷ ውስጥ ይገባሉ፤ ፊት ለፊት ቀጥ ብለው ከመጡ ግን ሁለቱም በአንድነት ይሻገሩታል።

ከፍተኛ ሙላት ቢመጣ ጀልባዎቹ በአንዳንድ ድልድዮች ሥር ማለፍ ስለማይችሉ መስመሮች ይለወጣሉ። ከ2020 ወዲህ የባሕሩን መግቢያ የሚዘጉ ተንቀሳቃሽ ግድቦች በመኖራቸው ይህ ከቀድሞው ያነሰ ነው።

ስለ ድልድዮቹ አንድ ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2008 በታላቁ ቦይ ላይ አራተኛው ድልድይ ተከፈተ። ስሙ የሕገ መንግሥት ድልድይ ይባላል፤ ንድፉን ያወጣው ስፔናዊው አርክቴክት ሳንቲያጎ ካላትራቫ ነው። ድልድዩ ፒያሳሌ ሮማን ከባቡር ጣቢያው ወገን ጋር ያገናኛል። በሃያ አንደኛው መቶ ዓመት የተሠራ ቢሆንም እንደ ጥንቶቹ ባለ ደረጃ ነበር። ቆይቶ በ2013 በድልድዩ ጎን እየተንሸራተተ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያሻግር፣ እንደ እንቁላል የከበበ ክፍል ተገጠመለት። ክፍሉ በአዝጋሚነቱና በብልሽቱ ምክንያት እምብዛም ሳያገለግል ቀረና በ2020 ተነሣ። ዛሬም በወንበር የሚሄድ ሰው ከዚህኛው ዳር ወደዚያኛው የሚሻገረው በቫፖሬቶ ነው። በአንጻሩ በየመኸሩ ለሚደረገው የማራቶን ሩጫ ተብሎ በአንዳንድ ድልድዮች ደረጃ ላይ የሚነጠፈው ተዳፋት ሩጫው ካለፈ በኋላ ለወራት ሳይነሣ ይቆያል። ለሯጮች የተነጠፈው ለባለ ወንበሮች ሳይታሰብ ደኅና መንገድ ሆነላቸው።

ማብራሪያ

በምንባቡ ውስጥ «ይጭናልም ሳይሆን ያሳፍራል» የሚል አነጋገር አጋጥሟችኋል። ጸሐፊው ራሱን በራሱ ያረመው ለጨዋታ አይደለም። በአማርኛ ዕቃ ይጫናል፤ ሰው ይሳፈራል። ጤነኛውን ሰው «ተሳፈረ» ብለን ስናበቃ በወንበር የሚሄደውን «ጫኑት»፣ «አወረዱት» ብንል ሰውየውን ሳናውቀው ከጓዝ ቆጠርነው ማለት ነው። የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

«ሠራተኞቹ አካል ጉዳተኛውን አንሥተው ጀልባው ላይ ጫኑት።»
«ተጓዡ ሠራተኛው ወንበሩን ከኋላ እንዲይዝለት ጠይቆ ወደ ጀልባው ገባ።»

በመጀመሪያው ባለቤቱ «ሠራተኞቹ» ነው፤ ተጓዡ ተሳቢ ሆኗል። በሁለተኛው ተጓዡ ራሱ ባለቤት ነው፤ ይጠይቃል፤ ይገባል። እርዳታው በሁለቱም አለ። ነገር ግን በሁለተኛው እርዳታውን የሚያዘው ተረጂው ነው፤ በእርግጥም ሳይጠይቁ የሰውን ወንበር መግፋት እጁን ይዞ እንደመጎተት ይቆጠራል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ30ኛው አንቀጹ መዝናናትንና የቱሪስት ስፍራዎችን መጎብኘትን ከመብት ይቆጥራል። የዕረፍት ጉዞ ቅንጦት ነው የሚል ተማሪ ቢኖር ይህን ያስብበት።

ቅጽልን በተመለከተ «ምቹ»፣ «ሰፊ»፣ «ቀላል» የዓይነት ቅጽሎች ናቸው። እነዚህ ፍርድን ይናገራሉ፤ ፍርዱ ደግሞ የፈራጁ ነው። «ሦስት ደረጃ»፣ «80 ሳንቲ ሜትር» ሲባል ግን ፍርዱ ለአንባቢው ይተዋል። ወንበሩ 63 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሰው 80 ሳንቲ ሜትር በር እንደሚበቃው ራሱ ያውቃል፤ «ሰፊ በር» ቢባል ምን እንደሚያደርግ አያውቅም።

«ሲ» እና «ቢ» የሚሉትም ምዕላዶች እንደ ልክ ያገለግላሉ። «ባሕሩ ሲወርድ» ያልነው መውረዱ የማይቀር ስለሆነ ነው። «ከፍተኛ ሙላት ቢመጣ» ያልነው ግን ሊመጣም ላይመጣም ስለሚችል ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባ ጸሐፊ በየቀኑ የሚደርሰውን ነገር አልፎ አልፎ እንደሚደርስ አስመስሎ መንገደኛውን ያሳስተዋል።

የናሙና ደብዳቤ

መልስ የሚገኘው እንደ ጥያቄው ነው። «ጀልባችሁ ለአካል ጉዳተኛ ይመቻል ወይ?» ብሎ የጠየቀ «አዎን፣ ይመቻል» የሚል መልስ ያገኛል። የሚከተለውን ተመልከቱ።

ለጀልባ አከራይ ድርጅቱ
ጉዳዩ፦ ስለ መሳፈሪያ ሁኔታ መጠየቅ

እናቴ በሚቀጥለው ወር ከእኔ ጋር ከተማችሁን ለመጎብኘት አስበዋል። የሚሄዱት በባትሪ በሚሠራ ተሽከርካሪ ወንበር ነው። ወንበሩ አይታጠፍም፤ ከነባትሪው 85 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ስፋቱ 63፣ ርዝመቱ 105 ሳንቲ ሜትር ነው። እናቴ ከወንበራቸው መነሣት አይችሉም። ስለዚህ ከመሳፈሪያው እስከ ጀልባው ወለል ስንት ደረጃ እንዳለ፣ የመግቢያው ስፋት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ፣ ማንሻ ካለ ስንት ኪሎ ግራም ማንሣት እንደሚችል እንድትገልጹልኝ እጠይቃለሁ። የምንወርድበት መሳፈሪያም እንደምንሳፈርበት ያለ መሆኑን እንድትነግሩኝ እለምናለሁ።

ከሰላምታ ጋር

የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይረሳዋል። የተሳፈረ ሁሉ ይወርዳልና፣ ባለ ደረጃ መውረጃ ላይ የደረሰ ተጓዥ ጀልባው ውስጥ እንደተቀመጠ ይመለሳል።

መልመጃ

፩. በመግቢያው ላይ ያለውን አጭር አንቀጽ ከምንባቡ ባገኛችሁት ዕውቀት እንደገና ጻፉት። «ማንኛውም»፣ «ምቹ» እና «በጣም» በሚሉት ቃላት አትጠቀሙ።

፪. ተንሳፋፊ መድረክ ካለ ችግሩ ከጀልባው መግቢያ ወደ የት ይዛወራል? ለምን? በሦስት ዐረፍተ ነገር መልሱ።

፫. በሚከተሉት ክፍት ቦታዎች «ሲ» ወይም «ቢ» አግቡና ምክንያቱን አስረዱ። ሀ) ክረምቱ __ያልፍ የጣና ሐይቅ ውኃ ከፍ ይላል። ለ) ማንሻው __በላሽ ተጓዡ በሌላ ጀልባ ይሄዳል።

፬. በባሕር ዳር ወይም በባቱ ሐይቅ ዳር የምትኖሩ ተማሪዎች አንድ የጀልባ መሳፈሪያ፣ ሌሎቻችሁ አንድ የአውቶቡስ መሳፈሪያ ሂዱ። ሜትር ያዙ። ከመሬት እስከ መግቢያው ወለል ያለውን ከፍታ፣ የበሩን ስፋት፣ የደረጃውን ቁጥር ለኩና በወንበር ለሚሄድ መንገደኛ የሚጠቅም የአንድ ገጽ ገለጻ ጻፉ። በሰፈራችሁ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ካለ፣ ፈቃዱ ከሆነ ጽሑፋችሁን አንብቡለትና የጎደለውን ጠይቁት።