ስድሳ ዓመት ያገለገለው የስዊስ «አዞ»፤ ስለ ዕቃ ዋጋና ዕድሜ የቀረበ ትምህርት

ዕቃ ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ ሁለት የዋጋ ማስታወቂያዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚመረምርበት ቀን ብዙ ነው። አንደኛው ፋብሪካ የወፍጮ ሞተሩን ወይም የቡና መፈልፈያውን በዝቅተኛ ዋጋ ያቀርባል፤ ሁለተኛው ለተመሳሳይ መሣሪያ ከፍ ያለ ገንዘብ ይጠይቅና ዕቃው ለብዙ ዘመን የሚያገለግል መሆኑን ይገልጻል። ብዙ ጊዜ ሚዛኑን የሚደፋው በደብዳቤው ግርጌ የተጻፈው ድምር ነው። ይሁን እንጂ የመግዣ ዋጋና የዕቃው እውነተኛ ዋጋ አንድ አይደሉም። እውነተኛው ዋጋ የሚታወቀው ዕቃው ስንት ዓመት እንደ ሠራ፥ ስንት ቀን እንደ ቆመና ለጥገናው ምን ያህል እንደ ወጣ ከተቈጠረ በኋላ ነው።

ይህን ነገር በምሳሌ ለመመርመር «አዞ» በሚል ቅጽል ስም የታወቀው የስዊስ ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ መልካም አስረጂ ይሆናል። የዚህ ዓይነት ሎኮሞቲቮች ከ1919 ጀምሮ እስከ 1980ዎቹ ዓመታት ድረስ ፉርጎ ሲስቡ ኖረዋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የከሰል ችግር

ስዊስ ተራራና ውሃ የበዛባት፥ የባሕር በር የሌላት ትንሽ አገር ናት። በምድሯ ውስጥ ለባቡር የሚበቃ የድንጋይ ከሰል ስለማይገኝ በእንፋሎት ኃይል ይሔዱ ለነበሩት ባቡሮቿ የሚያስፈልገውን ከሰል ከውጭ አገር፥ ይልቁንም ከጀርመን፥ ትገዛ ነበር። ሰላም በነበረበት ዘመን ይህ ንግድ ያለ ችግር ይካሔድ ነበር። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከተነሣ በኋላ ግን ወደ አገር የሚገባው ከሰል እያነሰ፥ ዋጋውም እየናረ ሔደ። የባቡሮች ጉዞ ተቀነሰ፤ በጦርነቱ መጨረሻ አካባቢም የእሑድ ቀን የመንገደኞች ባቡሮች እስከ መቋረጥ ደረሱ።

ፉርጎ ሲቆም ንግድም ይቆማል። ዕቃው በመጋዘን ተከማችቶ ይቀራል፤ ባለሱቁ ለደንበኛው የሚሰጠው ያጣል፤ ላኪውም በውል የተቀበለውን ቀን ማክበር ይሳነዋል። የስዊስ ፌዴራል ምድር ባቡር አስተዳደር ገና ጦርነቱ ሳይነሣ፥ በ1913፥ በጎታርድ መስመር ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል ለማስገባት ወስኖ ነበር። ጦርነቱ ሥራውን ቢያዘገየውም አስፈላጊነቱን ለሁሉ ግልጽ አደረገው። ለማብሰል መጥኖ መደቆስ በጊዜው እንደሚሆን ሁሉ፥ ለንግድም ሌላ የኃይል ምንጭ ማሰናዳት የሚገባው የፊተኛው ሳይነጥፍ ነው።

ስዊስ ከሰል ባይኖራትም ከከፍታ የሚወርድ ብዙ ውሃ አላት። ስለዚህ በሪቶምና በአምሽቴግ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች ተሠሩ። በ1920 መጨረሻ ከኤርስትፌልድ እስከ ቢያስካ ያለው ተራራማ ክፍል በኤሌክትሪክ ኃይል መሥራት ጀመረ፤ በ1922 ደግሞ ከሉሰርን እስከ ጣልያን ጠረፍ፥ እስከ ኪያሶ ድረስ፥ መስመሩ በሙሉ ተዳረሰ።

ለሥራው የተስማማ መሣሪያ

የጎታርድ መስመር የሰሜኑን ኤውሮጳ ከጣልያን ጋር የሚያገናኝ ትልቅ የንግድ መንገድ ነው። በ1882 የተከፈተው ዋሻው 15 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። ወደ ዋሻው የሚያደርሰው ሐዲድ በየ1,000 ሜትሩ እስከ 27 ሜትር ከፍ ይላል፤ ለባቡር ይህ እጅግ ብርቱ ዳገት ነው። መንገዱ ከፍታ ለማግኘት ሲል በተራራው ውስጥ ይዞራል፤ በቫሰን መንደር አጠገብ የሚያልፍ መንገደኛ አንዷን ቤተ ክርስቲያን በተለያየ ከፍታ ሆኖ ሦስት ጊዜ ያያታል። እንግዲህ ለዚህ መስመር የሚሠራው ሎኮሞቲቭ ብርቱ ብቻ ሳይሆን በጠመዝማዛው መንገድ መተጣጠፍ የሚችል መሆን ነበረበት።

ሥራው ለሁለት የአገሩ ፋብሪካዎች ተሰጠ። የብረታ ብረቱን ክፍል በቪንተርቱር የሚገኘው የሎኮሞቲቭ ፋብሪካ፥ የኤሌክትሪኩን ክፍል ደግሞ የኧርሊኮን ፋብሪካ ሠራ። ከ1919 እስከ 1922 ድረስ 33 ሎኮሞቲቮች ወጡ፤ በ1926 እና በ1927 ደግሞ ጥቂት ማሻሻያ የተደረገባቸው 18 ሌሎች ተጨመሩ።

የመጀመሪያዎቹ እያንዳንዳቸው 19 ሜትር ከግማሽ ገደማ ርዝመትና 128 ቶን ክብደት ነበራቸው፤ ኃይላቸውም 2,240 የፈረስ ጉልበት ነበር። አካላቸው ሦስት ክፍል ነው። በመካከል የነጂዎቹ ክፍሎችና ከሽቦው የሚመጣውን 15,000 ቮልት ዝቅ የሚያደርገው ትራንስፎርማቶር ይገኛሉ፤ ከፊትና ከኋላ ደግሞ እንደ አፍንጫ የወጡ ረጃጅም ክፍሎች አሉ። በዚያ ዘመን ብርቱ ሞተር ግዙፍ ስለ ነበረ በመንኰራኵሮቹ መካከል ለማስገባት አልተቻለም። ስለዚህ በየአፍንጫው ውስጥ ሁለት ሁለት ሞተሮች ተቀመጡ፤ ኃይላቸውም በማርሽ ወደ አንድ ዘንግ፥ ከዘንጉም በብረት ክንዶች ወደ መንኰራኵሮቹ እንዲተላለፍ ተደረገ። ሦስቱ ክፍሎች በመጋጠሚያ የተያያዙ ስለሆኑ ሎኮሞቲቩ በጠመዝማዛ ሐዲድ ላይ እንደ እንስሳ ይተጣጠፋል። ሕዝቡም ረጅሙን አፍንጫና ይህን አካሔድ አይቶ «አዞ» አለው። ከእርሱ በፊት በዚያው ዳገት ይሠራ የነበረው ትልቁ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ «ዝሆን» ይባል ስለ ነበር፥ አዞ የዝሆንን ሥራ ተረከበ ማለት ነው።

ሌላም የሚደነቅ ነገር ነበረው። ባቡሩ ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሮቹ እንደ ዲናሞ ሆነው ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፤ የተገኘውም ኃይል በሽቦው ተመልሶ ለሌላ ባቡር ይጠቅማል። በዚህ ዘዴ ባቡሩ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ፍሬኑና መንኰራኵሩ ቶሎ አያልቁም። በመግዣው ዋጋ ላይ ተጨማሪ ወጪ የሚመስለው እንዲህ ያለ መሣሪያ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለ ገንዘቡን ይመልሳል።

ወጪው የተመሰከረለት ጊዜ

የውሃ ግድብ፥ የኃይል ማመንጫ፥ በመስመሩ ሁሉ የሚዘረጋ ሽቦና አዲስ ሎኮሞቲቭ በአንድ ጊዜ መግዛት ለትንሽ አገር ከባድ ወጪ ነው። የኤሌክትሪኩ ሥራ ግን ሳይቋረጥ ቀጠለ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1939 ሲነሣም ከአስተዳደሩ መስመሮች አብዛኞቹ በኤሌክትሪክ ይሠሩ ነበር። ከሰል ዳግመኛ ባነሰበት በዚያ ዘመን ባቡሮቹ መንቀሳቀሳቸውን አላቋረጡም። እንዲያውም ከጀርመን ወደ ጣልያን ይላክ ከነበረው ከሰል ብዙው በጎታርድ በኩል ያልፍ ስለ ነበር፥ ለራሳቸው አንዲት ፍም የማያስፈልጋቸው ሎኮሞቲቮች የሌላውን አገር ከሰል ዳገት ለዳገት ይስቡ ነበር። የ1920ዎቹ ወጪ በ1940ዎቹ ችግር ሚዛን ሲመዘን ጥቅሙ ታየ።

ዕድሜው ሲገፋ

ዕቃ ለረጅም ዘመን እንዲያገለግል ጠንካራ ሆኖ መሠራቱ ብቻ አይበቃውም፤ ባለቤቱም በየዕድሜው የሚስማማውን ሥራ መምረጥ አለበት። አዞው ሲሠራ ከፍተኛው ፍጥነቱ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ነበር። የመስመሩ ጭነት እየበዛ በሔደ ጊዜ ይህ አነሰ። አስተዳደሩ በ1940ዎቹ ዓመታት ከመጀመሪያዎቹ 33 መካከል 13ቱን አሻሽሎ ኃይላቸው ከ3,600 የፈረስ ጉልበት እንዲበልጥ፥ ፍጥነታቸውም 75 ኪሎ ሜትር እንዲደርስ አደረገ። ሁሉንም አልጣለም፤ ሁሉንም አላደሰም፤ ለሚያስፈልገው ሥራ የሚበቃውን ያህል ብቻ አሻሻለ።

ከ1952 እስከ 1966 ባለው ጊዜ 120 አዳዲስ ሎኮሞቲቮች ተሠሩ። እነዚህ ወደ 6,000 የፈረስ ጉልበት የሚጠጋ ኃይል ያላቸው ስለ ነበሩ 600 ቶን ጭነት በዚያ ዳገት ላይ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ይስቡ ነበር። ከእነርሱ ጋር ለመወዳደር አዞው አልቻለም፤ የብረት ክንዶቹም ያለማቋረጥ ቅባትና ክትትል ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከተራራው ወርዶ በሜዳው መስመር የጭነት ባቡር እንዲስብ፥ በኋላም በጣቢያ ውስጥ ፉርጎዎችን እንዲያቀናጅ ተመደበ። ፍጥነት በማይጠየቅበት በዚህ ሥራ ላይ ክብደቱና ጉልበቱ ገና ዋጋ ነበራቸው። ጥቂቶቹ እስከ 1980ዎቹ የዘለቁት በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ አንዱ በሉሰርን የመጓጓዣ ቤተ መዘክር፥ ሌላውም በኤርስትፌልድ ጣቢያ አጠገብ ለመታሰቢያ ቆሟል። ሕዝቡ ያወጣለት ስምም ለሌላ ንግድ ሲሳይ ሆነ፤ ሜርክሊን የተባለው የጀርመን አሻንጉሊት ፋብሪካ በ1947 ያወጣው ትንሹ «አዞ» በብዙ አገር ተፈላጊ ዕቃ ሆኗል።

ለነጋዴ የሚሆን ሒሳብ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘውን ትምህርት በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። አንድ ነጋዴ በ20,000 ብር የገዛው ሞተር አምስት ዓመት ቢያገለግለው፥ የመግዣው ወጪ ለአንድ ዓመት 4,000 ብር ይደርሳል። ሌላው በ36,000 ብር የተገዛ ሞተር አሥራ አምስት ዓመት ቢያገለግል ለአንድ ዓመት የሚደርሰው 2,400 ብር ነው። በዚህ ላይ መሣሪያው ተበላሽቶ የሚቆምበት ቀን፥ የነዳጁ ፍጆታና የመለዋወጫው ዋጋ ይጨመር። መጋዘኑ በቡና ተሞልቶ መፈልፈያው በመከር ወራት ለሁለት ሳምንት ቢቆም፥ ጉዳቱ በዕቃው ደረሰኝ ላይ አይጻፍም፤ ከነጋዴው ኪስ ግን ይወጣል።

ይህ ማለት ሁልጊዜ ውዱ ይገዛ ማለት አይደለም። ለሁለትና ለሦስት ዓመት ብቻ ለሚፈለግ ሥራ ለአሥራ አምስት ዓመት የሚበቃ መሣሪያ መግዛት ገንዘብን ያለ ሥራ ማሰር ነው፤ የመግዣው ገንዘብ በብድር የተገኘ ከሆነም ወለዱ ከሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት። እንዲሁም ጠንካራው ዕቃ መለዋወጫው የማይገኝ ከሆነ ጥንካሬው ከንቱ ነው። ለስዊስ አስተዳደር የዕድሜው አንዱ ምሥጢር አንድ ዓይነት ሎኮሞቲቭ በብዛት መያዙ፥ የሠሩት ፋብሪካዎችም በአገሩ ውስጥ መኖራቸው ነበር። አንዱን ለመጠገን የሠለጠነ ሠራተኛ ሌላውንም ይጠግናል፤ ለአንዱ የተቀመጠው መለዋወጫ ለሌላውም ይሆናል። አምስት ዓይነት የጭነት መኪና ከአምስት ፋብሪካ የገዛ ባለንብረት አምስት ዓይነት መለዋወጫ ማከማቸት ግድ ይሆንበታል።

በኢትዮጵያ የምድር ባቡር ታሪክም የስዊስ ሰው ስም አለ። የዐፄ ምኒልክ አማካሪ የነበሩት ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከጅቡቲ የሚነሣውን የባቡር መንገድ ለማሠራት ፈቃድ የተቀበሉት በ1894 ነበር። ያንን መስመር የተካውና በ2018 መጀመሪያ የንግድ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባና የጅቡቲ መንገድ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ ነው፤ ሎኮሞቲቮቹም ከቻይና የመጡ ናቸው። ቡናና የቅባት እህል የሚልክ፥ ማዳበሪያና ብረታ ብረት የሚያስመጣ ነጋዴ ሁሉ የእነዚህ ሎኮሞቲቮች ዕድሜ ይመለከተዋል። ዕድሜያቸውን የሚወስነው ደግሞ የተገዙበት ዋጋ ብቻ አይደለም፤ በጊዜው የታዘዘ መለዋወጫ፥ የተሟላ የጥገና ቤትና በሚገባ የሠለጠነ ባለሙያ ይወስነዋል።

ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ የዋጋ ማስታወቂያ ሲደርሰው ከድምሩ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ። ይህ ዕቃ ለታሰበው ሥራ የተስማማ ነውን? ሲበላሽ በቅርብ የሚጠግነው ሰውና የሚተካው ዕቃ ይገኛልን? በዋናው ሥራ ላይ ሲደክም በሌላ ሥራ ሊረዳ ይችላልን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልካም መልስ የተገኘለት ዕቃ፥ ዋጋው በመጀመሪያው ቀን ከባድ ቢመስልም፥ በመዝገቡ መጨረሻ ላይ ሲሰላ ርካሽ ሆኖ ይገኛል።