ለመስታወት የዓሣ ገንዳ የሚሆኑ ቀያይ የውሃ ተክሎች አመራረጥ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

የውሃ ተክል አባዝተው በከተማ ለሚገኙ ዓሣ አሳዳጊዎች ለመሸጥ የሚያስቡ ማኅበራት ቢኖሩ ከሁሉ በፊት አመራረጡን ማወቅ ይገባቸዋል። ሲገዛ ቀይ የነበረ ተክል በገንዳው ውስጥ አረንጓዴ ሊሆን ወይም ሊበሰብስ ይችላልና።

1. ቅላቱ ከምን ይመጣል?

የቅጠሉ ቅላት የሚጐላው ዝርያው ቀይ ሲሆንና በቂ ብርሃን ሲያገኝ ነው። ብረት ያለበት ማዳበሪያ ተክሉ እንዳይገረጣ ይረዳል፤ የብርሃንን እጥረት ግን አይተካም። መብራቱ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ቢበራ ይበቃል። ከዚያ በላይ ማስረዘም አልጌን ያበዛል።

2. የምንመክራቸው ተክሎች

ሀ/ ሉድዊጂያ ሬፐንስ፦ የአሜሪካ ተክል ነው። በቀላሉ ስለሚጸድቅ ለጀማሪ ይስማማል።

ለ/ አልተርናንቴራ ራይኔኪ፦ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። ዕድገቱ ዝግ ያለ ቢሆንም ቅላቱን ከሌሎቹ በተሻለ ይጠብቃል።

ሐ/ ሮታላ ሮተንዲፎሊያ፦ የእስያ ተክል ነው። በደካማ ብርሃን አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፤ በጠንካራ ብርሃን ግን ጫፉ ይቀላል።

መ/ ቀዩ ኒምፊያ ሎተስ፦ የአፍሪካ ተክል ነው። ወደ ውሃው ገጽ የሚወጡት ቅጠሎች ካልተቆረጡ ሌሎቹን ተክሎች ያጠላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በቁርጥራጭ ይባዛሉ። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጫፍ ቆርጦ፣ የታችኞቹን ቅጠሎች አንሥቶ፣ አንጓው እስኪሸፈን በአሸዋው መትከል ነው።

3. በግዢ ጊዜ

ኮርዲላይንና ኢሬሲን የየብስ ተክሎች ሆነው ሳለ አንዳንድ ጊዜ የውሃ ተክል ተብለው ይሸጣሉ። ውሃ ውስጥ ከቆዩ ይበሰብሳሉ። ስለዚህ ተክሉን በሳይንሳዊ ስሙ መጠየቅ ያስፈልጋል። እውነተኞቹ የውሃ ተክሎችም ብዙ ጊዜ ከውሃ ውጭ ስለሚፈሉ አሮጌ ቅጠላቸውን ሊያረግፉ ይችላሉ። ይህ ሲሆን መደናገጥ አይገባም፤ መመዘን ያለበት በውሃ ውስጥ የሚያወጣው አዲስ ቅጠል ነው። ከውጭ አገር ለማስመጣት የዕፅዋት ኳራንታይን ፈቃድና የጤንነት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል።

4. ዋናው ጥንቃቄ

በቁርጥራጭ በቀላሉ መጽደቅ ለአባዢው ጥቅም፣ ለሐይቅና ለወንዝ ግን አደጋ ነው። እምቦጭ በዓለም ዙሪያ የተሠራጨው ሰዎች አበባውን ወደው ከደቡብ አሜሪካ ስለወሰዱት ነው። በአገራችን በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1965፣ በጣና ሐይቅ ደግሞ በ2011 መታየቱ ተመዝግቧል። ጣናን ከአረሙ ለማጽዳት ገበሬው ስንት ቀን በእጁ እንደነቀለ የአካባቢው የልማት ሠራተኞች ያውቁታል።

ስለሆነም ማኅበራት፦
— ማባዣ ገንዳቸውን ከወንዝ፣ ከመስኖ ቦይና ከጎርፍ መውረጃ ያርቁ፤
— የገንዳውን ውሃ በወንፊት አጥልለው በደረቅ መሬት ላይ ያፍስሱ፤
— ትርፍራፊውን በፀሐይ በሚገባ አድርቀው ያቃጥሉ፤
— ይህንኑ ለገዢው ሁሉ ያስረዱ።

ይህን ለማድረግ የማይችል ማኅበር ሥራውን ባይጀምር እንመክራለን።